ከጠረጴዛ ሥር ያለው ፍም

ጓርዳ ከፖርቱጋል ከተሞች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠች ናት ሲሉኝ ፈገግ ብዬ ነበር። ከፍታዋ 1,056 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በጥር ምሽት በግራናይት ድንጋይ በተሠራው ካቴድራሏ አጠገብ ሳልፍ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል።

ያረፍኩባቸው እናት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የልጅ ልጃቸው እየተረጎመልን፣ «ና ልጄ፣ እግርህን አስገባ» ብለው ወደ ክብ ጠረጴዛቸው ጠሩኝ። ጠረጴዛው ወለል የሚነካ ወፍራም ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁን ገልጬ እግሬን ስሰድ ሙቀት ተቀበለኝ። «ብራዜይራ ነው» አሉኝ።

በፖርቱጋልኛ «ብራዛ» ፍም ነው፤ «ብራዜይራ» ደግሞ የፍም ማስቀመጫ። ብራዚልም ስሟን ያገኘችው እንደ ፍም ከሚቀላ እንጨት ነው ይባላል።

ዕቃው ጎድጓዳ የብረት ወይም የመዳብ ሳህን ነው። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠልና ጭሱ አልቆ ፍሙ አመድ ሲለብስ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል። ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ልጆችም ያጠናሉ። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ፤ ስሙ ግን ያው ብራዜይራ ነው።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እናት ተነሥተው ፍሙን ደጅ አስወጡ፤ መስኮቱንም ከፈቱ። «ብርዱ ይገባል እኮ» ብላቸው፣ «ለብርዱ ብርድ ልብስ አለ» አሉኝ። ልጅ ሳሉ ጎረቤታቸው የነበሩ ባልና ሚስት ፍም አስገብተው እንደተኙ አልነቁም።

ያን ጊዜ የእኛ ቤት ትዝ አለኝ። በሐምሌ ብርድ እናቴ «ጭሱ ወጥቶለታል» ብላ የከሰል ምድጃውን መኝታ ቤት ታስገባልን ነበር። ጠዋት ራሳችንን እያመመን ስንነሣ ጉንፋን ይመስለን ነበር። ለካ ጭሱ ያለቀ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛን ሰው ደግሞ ሳያነቃ ይገድላል።

ወላጆችና አያቶች፣ ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት። ከመኝታ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ደጅ ይውጣ፤ ለልጆቹም ብርድ ልብስ ይደረብላቸው። ፍም ባለበት ቤት ራሱን ያመመው ወይም ያዞረው ሰው ካለ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ የታመመውም ወደ ሕክምና ይሂድ።