ውሻው ሰውየውን ሲያንሸራሽር

ቦንጋ ደርሶ የተመለሰ ሰው መቼም ወሬው ሁሉ ቡና ነው። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ውሻ ነው!

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የካፋ ዞኗን ዋና ከተማ ቦንጋን ታገኛላችሁ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌርነት መዝግቦታል። የጫካ ቡናው፣ ማሩ፣ ጉሬዛው ምኑ ቅጡ! ከተማዋ ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ሲዘንብማ ጭቃው አያድርስ ነው።

ያረፍኩበት ጓደኛዬ ቤት፣ በሩ ላይ ጥጃ የሚያህል ውሻ ታስሮ ይውላል። "እስቲ ላንሸራሽረው" አልኩና ሰንሰለቱን እጄ ላይ ጠቅልዬ ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ነገር ሸተተውና ፈተለከ። እኔም ተከተልኩ! ጀንፈል ቡና በዘንቢል ይዘው የሚመጡ እናት ሊሸሹ ሲሉ ወደቁ። ቡናቸው ጭቃው ላይ ተበተነ። ደግነቱ አልተጎዱም። ተንበርክኬ ስለቅም፣

"ልጄ፣ አንተ ነህ እሱን የያዝከው፣ ወይስ እሱ ነው አንተን?" አሉኝ።

ምን ልበል? የቡናውን ዋጋ ከፍዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

ጓደኛዬ "ሁለተኛ ከሰንሰለቱ አይፈታም!" ብሎ ፎከረ። የእንስሳት ሐኪም የሆነው ጎረቤቱ ግን ሳቀበት። "ያበላሸው እሱ አይደል እንዴ? ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሲወጣ ምን ያድርግ? ውሻ የሚጎትተው ስለሚያዋጣው ነው። ይጎትታል፣ የፈለገበት ይደርሳል። መልሰህ ስትስበው ደግሞ ይብስበታል" አለ። ምክሩም ይኸውላችሁ፦

• ከመውጣታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ፈትታችሁ አሯሩጡት፤ ጉልበቱ ይብረድለት።

• የሚያንቅ ሰንሰለት ጉሮሮውን ይጎዳል። ደረቱ ላይ ቀለበት ያለው መታጠቂያ ይሻላል። ገመዱን እጃችሁ ላይ በጭራሽ አትጠቅልሉ።

• ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ጩኸት የለ፣ ዱላ የለ። ሲላላ ተራመዱ።

• ከጎናችሁ ሲሄድ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ አጉርሱት።

• በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ግቢ፣ ቀጥሎ ጭር ያለ መንገድ፤ ገበያ የመጨረሻው ነው።

• የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ይሁን። አንዱ ሲያቆመው ሌላው ከተጎተተለት ልፋቱ ገደል ገባ።

የመጀመሪያው ቀን 20 እርምጃ ለመሄድ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። አላፊ አግዳሚው "ምን ሆነው ነው የተገተሩት?" እያለ ሳቀብን። በአሥረኛው ቀን ግን ያችኑ ቁልቁለት ገመዱ ላልቶ ወረድናት። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ወጠረው፤ ቆምኩ። ዞር ብሎ አየኝና ተመለሰልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ጓደኛዬም ሐሳቡን ቀየረ፤ ውሻው አሁን ጠዋትና ማታ ይፈታል። እኚያ እናት ግን ከሩቅ ሲያዩን አሁንም መንገድ ይሻገራሉ። አልፈርድባቸውም። ውሻው በ10 ቀን ተማረ፤ የሰው አመኔታ ግን ጊዜ ይፈልጋል።