ድንችና መረቅ በጾመኛ ማዕድ

ከአገራቸው ርቀው በኩዌት በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዲቱ፣ በሳልሚያ ሰፈር የምትኖረው ታላቅ እኅቴ፣ ባለፈው ፍልሰታ እንዲህ ብላ ላከችብኝ፤ «አባ፣ ለጾም የማገኘው ድንች ብቻ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆነኝም።»

በዚያ ቤት ድንቹ ተቀቅሎ ይፈጭና በወተትና በቅቤ ይለወሳል፤ በላዩም ከተጠበሰው ሥጋ የወረደው ስብና ጭማቂ በዱቄት ወፍሮ ይፈስበታል። ዐረቦችም የሥጋን ፈሳሽ መረቅ ይሉታልና ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጌዴዎን በምንቸት ያቀረበውም ይኸው ነበር።

እንግዲህ የማዕዱ ኃይል ከወዴት እንደ ሆነ እንመርምር። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 87 ያህል ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ከ2 ግራም አይበልጥም፤ ስቡም ከምንም አይቆጠርም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ግን ብቻውን 100 ያህል ካሎሪ አለው። ስለዚህ ጾመኛዪቱ ወተቱን፣ ቅቤውንና መረቁን ስትተው ከቤቱ ሰዎች ጋር አንድ ምግብ የበላች ትመስላለች እንጂ የበላችው የምግቡን ከፊል ብቻ ነው።

ድንችን ግን አልንቀውም። ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን አስገባው፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በሆነው ክፉ ቀንም ደገኛው ዋጋውን ዐወቀ። ፖታሲየምና ቫይታሚን ሲም አለው። ዳሩ ግን ተልጦና ተቆራርጦ ሲቀቀል ከዚህ ብዙው ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ውኃውም ይደፋል። ወንዝ በሌላት፣ የባሕር ውኃ አጣርታ በምትጠጣ አገር እንዲህ ያለውን ውኃ መድፋት ያሳዝናል!

ስለዚህ «ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅዪው፤ በቅቤው ፈንታ ዘይት ጨምሪበት፤ በመረቁም ፈንታ ምስር በሽንኩርት አብስለሽ አፍስሺበት» ብዬ መለስሁላት። በ100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ፤ በኩዌት ገበያም «ዓደስ» ብሎ ለጠየቀ አይታጣም። ዳንኤልም በባዕድ ቤት ሳለ የመረጠው ጥራጥሬ ነበር፤ ባቢሎንም ከኩዌት እጅግ የራቀች አይደለችም።

ቫይታሚን ቢ12 ግን በድንችም በምስርም የለም፤ ስለዚህ በፍስክ ወራት ዕንቁላልና ወተት እንዳትተው ነገርኋት። ፍልሰታ በዚያ ከብርቱው የነሐሴ ሐሩር ጋር ይገጥማል፤ ላብ ውኃንና ጨውን ከሰውነት ያወጣል። ራሷን ቢያዞራት ወይም ጉልበቷ ቢከዳት፣ በዝምታ ከመታገሥ ይልቅ ለንስሐ አባቷ ፈጥና እንድታስታውቅ አጥብቄ ለመንኋት።