ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ ጎማ ያለው ቤት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባው አስፋልት ከ350 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እስከ 1990 ዓ.ል. ድረስ በዚህ መንገድ ላይ የሚርመሰመሰው ከባድ መኪና አብዛኛው መድረሻው አሰብ ነበር፤ ጦርነቱ ያንን በር ከዘጋው ወዲህ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ እንጂ የአፋርን ምድር ማቋረጡ አልቀረም። አንባቢ ሆይ! የምትለብሰው ጨርቅም ሆነ ልጅህ የሚጽፍበት እስክርቢቶ በዚህ ሐሩር አልፎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት ተጓዥ ቤት ይታያል። አንደኛው በግመል ጀርባ የሚሄደው ነው። አፋሮች «ዐሪ» የሚሉት ቤት ከቆለመሙት እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራ ሲሆን፣ የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶቹ ናቸው። ግጦሽ ሲያልቅ ሰሌኑ ይጠቀለላል፣ እንጨቱ ይታሰራል፣ ዕቃው ሁሉ ግመሉ ላይ ይጫናል፤ ሰፈሩ በሙሉ ከነልጁና ከነሽማግሌው ይነሳል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል 80ኛው አንቀጽ ላይ በጉዞም በማረፊያም ቀን የሚቀልሉ ቤቶችን ከሰጠን ጸጋዎች ጋር ቆጥሯቸዋል። ያ አንቀጽ የሚናገረው ከእንስሳት ቆዳ ስለሚሠሩት ድንኳኖች ቢሆንም፣ እኔ ባነበብኩት ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ይህ የሰሌን ቤት ነው። (አስተማሪ በመሆኔ ሌላም ነገር ይመጣብኛል፤ ሰፈሩ ሲነሳ ከክፍል ውስጥ ባዶ የሚሆኑት ወንበሮች። እሱ ግን ለብቻው የሚጻፍበት ጉዳይ ነው።)

ሁለተኛው ቤት ጎማ ያለው ነው። በሩቅ አገር አሮጌ አውቶብስ ገዝተው፣ ወንበሩን ነቅለው፣ አልጋና ምድጃ አስገብተው የሚኖሩበት ሰዎች አሉ። እኛ ዘንድ ይህን ሳያስበው የሚኖረው የተሳቢ ሾፌር ነው። ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ሸይኽ እግር ስር አብረን ቁርኣን የቀራን ወዳጄ ከእነሱ አንዱ ነው። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ አዋሽ ይኖራሉ፤ እሱ ግን ከወሩ የሚበዛውን ሌሊት የሚያድረው ጋቢናው ውስጥ ነው። ከወንበሩ ጀርባ አልጋ አለች። ከአልጋዋ በላይ ልብስ የሚሰቀልበት ገመድ፣ በጎን መስገጃና ትንሽ ቁርኣን፣ ከውጭ በተሳቢው ሆድ ካለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ቡታጋዝ፣ ጀበና፣ ድስት፣ ሽንኩርትና በርበሬ። የውዱእ ውሃ ለብቻው ጄሪካን አለው፤ ረዳቱ ከዚያ ጠጥቶ ከተገኘ ወየውለት!

ባለፈው የእረፍት ጊዜ ሰመራ የሚያስተምረውን ሦስተኛ ጓደኛችንን ልንዘይር አብረን ወጣን። ገዋኔ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም አንድ የአፋር ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጡ። ዳጉ ተጀመረ። ዳጉ መንገደኛ ሲገናኝ የሚለዋወጠው ወሬ ነው፤ ግን ወሬ ብሎ ማለፍ ያሳንሰዋል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ሞተ፣ ማን አለፈ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልሳል። ረዳቱ አፋርኛ ስለሚችል እያስተረጎምን ስለ አዋሽ የምናውቀውን ነገርናቸው። ሽማግሌው በተከፈተው በር አልጋዋንና የተሰቀለውን ልብስ ተመለከቱ።

«ቤትህን ይዘህ ነው የምትሄደው፣ ደግ ነው» አሉት። «ሚስትህስ?»

«አዋሽ ናት አባቴ።»

«ልጆችህስ?»

«እነሱም።»

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ወዳጄ ግን እስከ ሚሌ ድረስ ቴፑን አልከፈተም።

ሰመራ ስንደርስ መኪናውን ጎረቤቷ ሎጊያ ላይ፣ ሾፌሮች ከሚያድሩበት አቁመን በባጃጅ ገባን። ሰመራ ከአሳይታ የክልል ዋና ከተማነቱን የወሰደች አዲስ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመ የአውሮፕላን ማረፊያም አላት። ሙቀቱን ለመግለጽ ቃል አላባክንም። ሰው የሚነቃው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ግቢው ሁሉ አልጋና ሰሌን ይዞ ይወጣል። እኛም ሁለት ሌሊት ደጅ ላይ ተኝተን እስከ እኩለ ሌሊት አወራን።

ከአሥር ዓመት በላይ ሦስታችንም በአንድ ማዕድ አልቀረብንም ነበር። የሸይኻችንን ቁጣ፣ ሉሓችንን አጥበን የጠጣንበትን ቀን፣ ወደ ኣኺራ የሄዱትን አነሳን። ከዚያ ወሬው ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ዞረ። በ2017 ዓ.ል. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬቱ ለወራት ሲናጥ ከርሞ፣ ታህሳስ 26 የደረሰው ከ5 ሬክተር በላይ ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሳ። አዋሽም ብሎኬት ቤት ያለው ሰው ውጭ ማደር ጀመረ። ያን ሰሞን ወዳጄ ጭነቱን አራግፎ ነበርና መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ቤተሰቡን ጋቢና ውስጥ አስተኛ፤ እሱ ተሳቢው ላይ።

«አስራ አንድ ሌሊት» አለን። «እናታቸው በፍርሃት አለቀች። ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ መቼ ነው መኪና ውስጥ የምናድረው ይሉኛል። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያን ጊዜ ደልቶኝ ተኝቼ አላውቅም።»

ባለቤታችን ኪታብ የገፋ ሰው ነውና ወደ ፊቅህ ወሰደን። መንገደኛ ሶላቱን እንደሚያሳጥር የታወቀ ነው። ዑለማዎች ግን ስለ ጀልባ ነጂ ተነጋግረዋል፦ ቤተሰቡን ጀልባው ላይ ይዞ የሚኖር፣ በየብስ ሌላ ቤት የሌለው ሰው መንገደኛ ነው ወይ? ኢማም አሕመድ እንዲህ ያለው ሰው ሶላቱን ሙሉ ይስገድ፣ ጀልባው ቤቱ ነውና ብለዋል። ሌሎች ዑለማዎች ጉዞ እስከሆነ ድረስ ማሳጠር ይችላል ይላሉ፤ ኢማም ሻፊዒይ ሙሉ ቢሰግድ ይሻላል ባይ ናቸው።

«ያንተ ግን ክርክር የለበትም» አለው። «ቤተሰብህ አዋሽ ነው፤ እዚያ አልጋ ላይ ሃያ ዓመት ብትተኛም መንገደኛ ነህ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ትንሽ ዘግይቶ።

በሁለተኛው ሌሊት አስተማሪው የልቡን ተናገረ። ለምን ቤቱን ወደ መንገዱ አታመጣውም? ሎጊያ ቤት ተከራይ፤ ወደ ጅቡቲ ስትሄድም ስትመለስም ታልፍበታለህ፤ በወር ሁለት ሌሊት የሚያዩህ ልጆች ስምንት ሌሊት ያዩሃል አለው። አፋር ሣሩ ወዳለበት ቤቱን ያነሳ የለም ወይ? ወዳጄ ሙቀቱን፣ የውሃውን ችግር፣ አዋሽ ያሉትን አማቶቹን ቆጠረ። ከመሬት መንቀጥቀጥ ትገላገላለህ ስለው አስተማሪው ጣልቃ ገብቶ፣ ከሰመራ አለፍ ብላ ያለችው ሰርዶ በ1961 ዓ.ል. በመንቀጥቀጥ መፍረሷን አስታወሰኝ። በዚህ ሸለቆ ከመሬት ተሸሽቶ የት ይደረሳል?

የእኔን ሐሳብ ጠየቁኝ። ልጆቹ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቢሄዱ ይቆጨኛል። ቢሆንም ይሂዱ አልኩ። የመካከለኛዋ ልጅ የወላጅ ስብሰባ በመጣ ቁጥር አባቴ ጅቡቲ ነው ስትል ሰምቻታለሁ፤ አንድ ጊዜ አዋሽ ሆኖ ሳለ እንኳ ከልማድ ተነስታ እንዲሁ ብላለች። ስደት እንጀራ ይሆናል፣ ሐላል ሪዝቅ ፍለጋም ዒባዳ ነው። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዳዩን የጨረሰ መንገደኛ ወደ ቤተሰቡ እንዲፋጠን አዘዋል፤ ጉዳዩ ለማያልቅ መንገደኛ ደግሞ ቤተሰቡን ወደ ጉዳዩ ማቅረብ እንጂ ሌላ ምን ይቀራል?

በሦስተኛው ቀን ማታ ተሰናብተን ሎጊያ ተመለስን። እሱ ከሱብሒ በኋላ ወደ ጋላፊ፣ እኔ በአውቶብስ ወደ አዋሽ ስለነበርን ያን ሌሊት ጋቢናው ውስጥ አብሬው አደርኩ። ሁለት ቀን የተዘጋው ጋቢና እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። በሮቹን ከፍቶ አናፈሰው፤ መስገጃውን አራግፎ በቦታው አኖረ፤ ጄሪካኑን ነቀነቀና ረዳቱን በጥርጣሬ አየው። ከዚያ ጀበናዋን አወጣ።

ቡናው ሳይፈላ ለባለቤቱ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ መስማቴ አልቀረም። የአስተማሪውን ሐሳብ ሲነግራት ጥቂት ዝም አለች። ይቆጣል ወይስ ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ነገራት። ውሃ በስንት ቀን ነው የሚመጣው? እሱንም ነገራት።

«መድረሳውስ?» አለች። «ከትምህርት ቤት መልስ ነው ወይስ ጠዋት?»

ወዳጄ እኔን አየኝ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ሰመራ ደወልኩ።