በኮተቤ ጓዳ ያለች ትንሽ ባሕር

እንጦጦ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? በመኪና ወጥቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለሱን አይደለም የምላችሁ፤ እሱማ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ያላደረገው ጥቂት ነው። እኔ የምላችሁ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ተነሥቶ በእግር መውጣቱን ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ ብትወጡ ደግሞ ይሻላል፤ ዳገቱ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ብዙ መጨቃጨቅ አይቻልም።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ ጥቂት ቆም በሉ። በስተ ሰሜን፣ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ወደ እኛ ወደ የካ የሚወርደው ግን በቀበና ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይሄድና ጨዋማው አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር አይደርስም። እኔም ኮተቤ ተወልጄ ኮተቤ ያደግሁ ነኝና እንደ ቀበና ውሃ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ባሕር አላየሁም። ያየሁት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም.፣ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ባለቤቴ አማርኛ ያስተምራቸው የነበሩ የውጭ አገር ቤተሰቦች ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ አኳሪየም ትተውልን ሄዱ። ቀይ ዓሣ የሚዋኝበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። 150 ሊትር የሚይዝ፣ ጨዋማ ውሃ ያለበት፣ ዐለት የተደረደረበት፣ በዐለቱም ላይ ኮራል የበቀለበት ነበር። ሁለት ብርቱካናማ ባለ ነጭ መቀነት ዓሣዎችም ነበሩበት፤ ልጆች ሁሉ ከእ.ኤ.አ. 2003ቱ የአሜሪካ ፊልም የተነሣ ኒሞ የሚሏቸው ናቸው። እነዚህ ዓሣዎች ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። ሴቷ እንቁላሏን ዐለት ላይ ትጥላለች፤ በአብዛኛው የሚጠብቀውና በክንፉ እያራገበ አየር የሚሰጠው ወንዱ ነው። ይህን ለባለቤቴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

“በቀለ” አልኩ እንጂ ኮራል ተክል አይደለም፤ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል፣ እሱ ደግሞ መጠለያ ይሆናቸዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅበት አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል፤ እንደ ነጣ ከቆየ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባለሙያዎች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱን ሲያስታውቁ ዜናውን የሰማሁት የጎረቤት ለቅሶ የሰማሁ ያህል ደንግጬ ነው።

አራት ዓመት ጠበቅኋቸው። በ2003 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ምሽት መብራት ጠፋ። በእቁብ ብር የገዛናት ትንሽ ጄኔሬተር ነበረችን፤ ሳልጠየቅ ባለቤቴ ለአዳር ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዷት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ስለሚሳሳ ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከንጹሕ ውሃ ያነሰ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሞተሩ ሲቆም ቆላ ያለ ሰው የሚያገኘውን ፋታ እኛ አናገኝም። የስምንት ወር ልጄን አዝዬ በጆግ ውሃውን እየቀዳሁ ከላይ እያፈሰስሁ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ እጄ ዛለ። ሲነጋ ሁሉም አልቆ ነበር፤ ቤቱ ደግሞ መሽተት ጀምሯል።

ባለቤቴ ደስ ብሎት ገባ፤ መልካም ሌሊት ነበር አለኝ። አሳየሁት። አየና “ዓሣ አይደለም እንዴ?” አለኝ።

ዓሣ ነው። ግን እናንተ ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ቃል ከተናጋሪው ይረሳና ሰሚው ቤት ይከርማል። ሌላውን ነገራችንን ሁሉ እየተነጋገርን ስንፈታ ይህችን ግን አላነሣኋትም፤ የፓስተር ሚስት ስለ ዓሣ ተቀየመች ሲባል ምን ይመስላል? መስታወቱን አጥቤ ጓሮ ካለው መጋዘን አገባሁትና ሽንኩርት አስቀመጥሁበት። ሽንኩርት ባወጣሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሽንኩርት አወጣሁ።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የተጋባንበትን ሃያኛ ዓመት ስናስብ ባለቤቴ እንጦጦ በእግር እንውጣ አለኝ። መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲወርዱ ዳር ይዘን አሳለፍናቸው፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ባሕር ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ብሎ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ስሙም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ይነግራል። ባሕር ያላት ከተማ ሳትሆን ባሕር ዛፍ ያላት ከተማ ናት፤ ማገዶውም እስከ ዛሬ በሴቶች ጀርባ ነው የሚወርደው። ጥቂት ዝም ብለን ከሄድን በኋላ “ያን ቀን ዓሣ አይደለም እንዴ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል?” አለኝ። እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር። መልስ አልሰጠሁትም፤ ዳገቱም አላስቻለኝም። ቤት ስንመለስ መስታወቱ በሆምጣጤ ታጥቦ ሳሎን ጥግ ተቀምጧል፤ ሽንኩርቴ በጆንያ ተደርጓል። ጨው ደግሞ አሜሪካ ያለችው እኅቱ በሻንጣዋ ይዛ መጥታለች።

“ጨው ለምን ከአሜሪካ? አፋር አይደለም ወይ ያለው?” ትሉ ይሆናል። እኔም በ1999 ያንን ብዬ ነበር። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ለ150 ሊትር ከአምስት ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ከዚህ ሩብ ያህሉ ግን የወጣችን ጨው አይደለም፤ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በካልሲየሙ ስለሆነ የወጥ ጨው ብቻውን አያኖረውም። የሚገርመው፣ ከደናክል ረባዳ ውስጥ የኮራል ዐለት ይገኛል፤ ቀይ ባሕር ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ገብቶ እንደ ነበር ጠበብት ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ወደብ የሌለን እኛ፣ በረሃችን ውስጥ የኮራል ዐጽም አለን።

ውሃውም ቀላል አይደለም። የክረምቱን የየካ ዝናብ ከጣሪያ ልቀዳ አስቤ ነበር፤ ግን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክና መዳብ ደግሞ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ናቸው። የቧንቧው ክሎሪን አለው። ስለዚህ በማጣሪያ ጠብታ በጠብታ ይሞላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሌላ ጣጣ ነው፤ ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ መሆን ስላለበት ማሞቂያው ሌሊቱን ይሠራል። ዐለቱን ከከተቱ በኋላ ደግሞ ከስድስት ሳምንት በላይ ባዶ ውሃ እያዩ መጠበቅ አለ፤ የዓሣን ኩስ መርዝነት የሚያበርዱ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ ማለት ነው። ያኔ ልጄን አዝዬ ነበር፣ አሁን ያው ልጅ በመለኪያ ወረቀት አሞኒያውን ይለካልኛል። ዓሣዎቹና ኮራሏ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ቀድሞው ከሚሄዱ ሰዎች እጅ ተገኙ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እማማ ሊጠይቁን መጡና ብዙ አዩት። “ልጄ፣ ይኼ ይበላል?” አሉኝ።

“አይ እማማ፣ አይበላም።”

“መብራቱ በነጻ ነው?”

“አይደለም፣ እንከፍላለን።”

ዝም አሉ። ኒሞዎቹ ከዐለቱ ብቅ ሲሉ ፈገግ አሉና ደግሞ ዝም አሉ። እኔ እሳቸውን ስሸኝ የእንጨት ተሸካሚዎቹ ትዝ አሉኝ። በጨው የመጣውን ዶላር ያስባል ሰው። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

ባለፈው ወር ዓርብ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ለአዳሩ ጸሎት ጃኬቱን ለብሶ ነበር። በባትሪ የሚሠራውን ማናፈሻ አብርቶ ጎማውን ውሃው ውስጥ ከተተና ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። “እኔ አለሁ፣ አንተ ሂድ” አልሁት። ለሽማግሌዎቹ ደውሎ እንደሚዘገይ ነገራቸው። አረፋው እየተንፎለፎለ፣ በስልኩ መብራት አንዳንዴ ዓሣዎቹን እያየ፣ ጋቢ ደርቦ ተቀመጠ። እኔ መኝታ ቤት ገባሁ፤ እንቅልፍ ግን ቶሎ አልወሰደኝም፤ የአረፋውን ድምፅ እየሰማሁ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ጋቢውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አደረገና ቀስ ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ።