ፒያሳ ላይ ካሜራ ማውጣት ለሚያሳፍራችሁ ሁሉ

ፒያሳን ሊያዩ የወረዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፦ «አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ ግን ማንሳት አፈርኩ።» ይህን የሚሉኝ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ለዕረፍት የመጡ ዘመዶች ብቻ አይደሉም። ከባሕር ዳርና ከደሴ ለጉዳይ የመጡም፣ እዚሁ ገርጂና አያት የሚኖሩም ይሉታል። ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፣ ካሜራው ተከፍቷል፤ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ግን እጃቸው ወደ ኪስ ይመለሳል። ማታ ቤታቸው ገብተው ሲያዩት ያላቸው ፎቶ የማኪያቶ ብርጭቆና የራሳቸው ፊት ነው።

አራዳ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ሐፍረት መጻፍ የፈለግሁት ዋጋው ከምናስበው በላይ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሐፍረቱን አልንቀውም። ከመልካም አስተዳደግ የመጣ ነው። ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው፣ የሚበላ ሰው ማየት ነውር ነው፣ ሳይጠሩ ሰው ግቢ ዘው ማለት ነውር ነው ተብለን አድገናል። ካሜራ ሦስቱንም ባንዴ የሚያደርግ ይመስላል። እሪ በከንቱን በመሰለ የፒያሳ ሰፈር ደግሞ መንገዱ የቤቱ አካል ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ቡና የሚፈላው ደጅ ላይ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው በሰው ሳሎን መሀል እያለፈ ነው። እዚያ ቆሞ ካሜራ ሲደግን ምንም የማይሰማው ሰው ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ታሪክ አለ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሊያወርድ ሲል፣ በዋዜማው፣ በ1967 አዲስ ዓመት ምሽት፣ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ ለሕዝብ አሳየ። በጥቅምት 1977 ደግሞ የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ኮረምን ለዓለም አሳዩ። እነዚያ ምስሎች እርዳታ አምጥተዋል፣ ነፍስ አድነዋል። እግረ መንገዳቸውን ግን «ካሜራ የያዘ ሰው ችግራችንን ሊወስድ የመጣ ነው» የሚል ስጋት ትተው ሄዱ። ስለዚህ አንዲት እናት «ለምንድን ነው የምታነሺኝ ልጄ? የት ልታወጪው ነው?» ስትል የሚያስቆጣ ነገር አልተናገረችም። ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቃለች፤ ትክክለኛ መልስ ይገባታል።

የቅርብ ጊዜውም አለ። በፒያሳ ጉራንጉሮች ሰዎች ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲያዩ «ሊፈርስ ነው እንዴ?» ብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነበር። በየካቲት 2016 የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ሥራ ተጀመረና ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በእሪ በከንቱ ዙሪያ ብዙ ቤት ፈረሰ፣ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳርና ዳር ተበተነ።

የሐፍረታችን ዋጋ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። እስቲ እስካሁን ያነሱንን ሰዎች አስቡ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጥቷል፤ ያነሱት ግን የጦሩን መንገድ፣ አምባውንና ምርኮኞቹን ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም በዚያው ሥራ ቀጥለዋል። ነገሥታቱን፣ መኳንንቱንና ወይዛዝርቱን ዛሬ በመልካቸው የምናውቃቸው በእነሱ ድካም ነው። ክብር ይገባቸዋል። እሪ በከንቱ ማታ ምን ትመስል እንደነበር፣ ቧንቧው ጋ ማን ተራ ይጠብቅ እንደነበር ግን ከዚያ ክምችት አይገኝም።

የቀረውን በየቤታችን አልበም እንፈልግ ብንል ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ፣ ፎቶ ቤት ገብተን መጋረጃ ፊት የተነሳነው ጉርድ ፎቶ አለ። ከቤተሰብ አልበሞች በተሰበሰቡ ፎቶዎች የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ ይህ ሀብት ምን ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ሆኖም በእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ ሰፈሩ የሚታየው እንደ አጋጣሚ ነው፤ ከአጎት ትከሻ ኋላ የቆርቆሮ አጥር፣ ከሙሽራዋ ጎን የኪዮስክ መስኮት። የተወለደበትን መታጠፊያ ለልጁ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ዛሬ እነዚያን ቁርጥራጮች ነው የሚለቃቅመው። እኛ ስናፍር ሰፈራችንን ማንም አላነሳልንም።

ካሜራን አስፈሪ ሳያደርጉ መንገድ ላይ መሥራት እንደሚቻል ካሳዩት የኛ ልጆች አንዱ ግርማ በርታ ነው። የአዲስ አበባን ጎዳና ሰዎች በስልኩ እያነሳ፣ እያንዳንዳቸውን ከጥላቸው ጋር ባንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን አቆማቸው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ የሰጡትን የገንዘብ ሽልማት ካሸነፉት አንዱ ሆነ። ከሥራው ሁለት ነገር እወስዳለሁ፦ በኪስ የሚገባ ስልክ ይበቃል፤ መንገድ ላይ እቃ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰውም ድሮ ለመኳንንት ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ክብር ይገባዋል።

አሁን ወደ ሐፍረቱ መድኃኒት ልምጣ። «ደፋር ሁኑ» የሚል ምክር ብዙ ሰምታችኋል። እኔ አላምንበትም። ሐፍረት በድፍረት አይድንም፤ በመታወቅ ነው የሚድነው። ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ መንገዱ ካወቀ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም።

ስለዚህ እንደደረሳችሁ አታንሱ። ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ቁጭ በሉ፣ ቡናውን በወጉ ጠጡ፣ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ሰላም በሉ። ካሜራ ካላችሁ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት፣ ይታይ። በቀሚስ ወይም በጃኬት ሸፍኖ፣ ስልክ የሚያወራ መስሎ ማንሳት ሰውን ያስጠረጥራል፤ አንሺውንም በራሱ ዓይን ጥፋተኛ ያደርገዋል። የተደበቀ ካሜራ ሐፍረትን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ቀጥሎ ከማይናገር ነገር ጀምሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን፣ በፈረሱ ላይ ያለው የምኒልክ ሐውልት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ቁልቁል የሚታየው የቸርችል ጎዳና፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ የጣይቱ ሆቴል የእንጨት ሥራ። ጣይቱን በጥር 2007 እሳት ከፊሉን በልቶታል፤ ቆሞ የምናየው ነገር ሁሉ ነገም እንደሚቆም ዋስትና የለም። ሕንፃ ስታነሱ የብርሃኑን ነገር ታውቃላችሁ፣ የሰፈሩ ሰውም እናንተን ይለምዳችኋል።

ከዚያ ወደ ሰው ኑ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ በሩ ጋ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ እውነቱን ንገሯቸው፦ ሰፈሩን ስለምትወዱት፣ ሳይጠፋ እንዲቀመጥ፣ ለሳቸውም አትማችሁ ልታመጡላቸው። «ቆይ እስቲ ነጠላዬን ላስተካክል» ካሉ ተፈቅዶላችኋል። ከመንገድ ማዶ ተሰርቆ የሚነሳ ፎቶ ይህን ነጠላ ማስተካከል፣ ይህን ቀና ማለት በጭራሽ አያገኘውም። «አይ ልጄ፣ ይቅርብኝ» ካሉም «እሺ እማማ፣ ይቅርታ» ብላችሁ እለፉ። አትለማመጡ፣ አትቀየሙ። እምቢታውን በደስታ የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ተጠርቶ ያነሳል።

ጥግ ላይ የተሰበሰቡት ወጣቶች ብዙ ሰው የሚፈራቸው ናቸው። ያነሳችሁትን አሳዩዋቸው። የሰፈሩን የድሮ ነገር፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ የሚያሳዩዋችሁ እነሱ ናቸው። ልጆች ራሳቸው ሮጠው ካሜራው ፊት ይቆማሉ፤ የነሱ መፈለግ ግን ስለማይበቃ እናትየውን ጠይቁ። ሊስትሮውን ማንሳት ከፈለጋችሁ ጫማችሁን አስጠርጉና ክፈሉ፣ እየሠራ ጠይቁት።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ መልሱ። ፎቶውን በቴሌግራም ላኩ፤ ብትችሉ አሳትማችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። የታተመ ፎቶ ለሰጣችሁት ቤት እንግዳ መሆናችሁ ያበቃል። ወሰደ የሚባል ሰው ሰጠ ሲባል ሐፍረቱ ራሱ ምክንያት ያጣል።

ሕጉንም ማወቅ ይረዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፦ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ሁኔታና ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን። ልብ በሉ፤ ሕጉ ክብደቱን ያሳረፈው ፎቶውን በማውጣቱ ላይ ነው። ዛሬ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ መለጠፍ አደባባይ ማውጣት ነው። ስለዚህ «ላንሳዎት?» ስትሉ «ፌስቡክ ላይ ባወጣውስ ይፈቅዱልኛል?» የሚለውንም ጨምሩ።

የማይነሳም አለ። የወታደርና የፖሊስ ተቋም፣ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ ቤተ መንግሥቱ፣ ጥበቃ የቆመበት በር፤ ጥበቃው «አይቻልም» ካለ «እሺ» በሉ፣ ክርክር ውስጥ አትግቡ። የለቅሶ ድንኳን፣ በቅዳሴ ሰዓት መቅደስ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተኛ በሽተኛና ምጽዋት የሚለምን ሰው። እምቢ ለማለት አቅም የሌለው ሰው እሺ ብሏል አይባልም። እዚህ ጋ የሚሰማችሁን ሐፍረት ስሙት፤ ትክክል ነው።

እጃችሁን ማፍታታት ከፈለጋችሁ ጥር 10 እና 11 ውጡ። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ከተማው ሁሉ ለብሶ፣ አጊጦ፣ እየዘመረ በአደባባይ ነው። የሚያነሳም የሚነሳም የማያፍርበት ቀን ነው። በአዘቦት ቀን ደግሞ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ በአድዋ መታሰቢያ ዙሪያ፣ ማታ ማታ ሰው እርስ በርሱ ሲነሳ ታያላችሁ። እዚያ ካሜራ ብርቅ አይደለም። ያ ልማድ ቁልቁል ወደቀሩት መንደሮችም፣ ሰላምታውንና ፈቃድ መጠየቁን ይዞ፣ እንዲወርድ እመኛለሁ። አዲሱም ፒያሳ ቢሆን ይነሳ፤ ነገ እሱም የድሮ ይሆናል።

ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ውረዱ። ቡና ጠጡ፣ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ፣ አንሱ። ያነሳችሁትን ሁለት አድርጋችሁ አሳትሙ፤ አንዱን ለተነሳው ሰው ስጡ፣ ባስቀራችሁት ጀርባ ቀኑን፣ ቦታውንና ባለቤቱ ከፈቀደ ስሙን ጻፉ። በየቤታችሁ ያለውን የእናት የአባት አልበምም አውጡና ማን ማን እንደሆነ በሕይወት ያለ ሰው ሳለ ጠይቁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስለ አራዳ የሚጠይቅ ልጅ የሚያየው እኛ ያነሳነውንና ያስቀመጥነውን ብቻ ነው።