ጫማውን የበላው ጨዋ

አያቴ ለሕክምና ከዳባት ወደ ጎንደር ወርዳ እኛ ቤት የከረመችበትን ጊዜ የማስታውሰው በአንድ ፊልም ነው። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለና ማታ መብራት ሲመጣ፣ ከሰፈር ቪዲዮ ቤት የተከራየነውን የቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ከፈትን። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው፣ ወርቅ ሊፈልግ በረዶ አገር የዘመተው ምስኪን ታሪክ ነው። አያቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊልሙም አይናገርም። በዚያች ማታ ሁላችንም እኩል ተመልካች ነበርን።

ቻርሊና ጓደኛው ጎጆ ውስጥ በረዶ ዘግቶባቸው ረሃቡ ሲጠና፣ ቻርሊ የአንድ እግሩን ጫማ ቀቀለ። እኛ ልጆቹ ተንከተከትን። አያቴ ግን ዘወር ብላ አየችንና «ምነዋ ልጆቼ! የራበው ሰው ይሳቅበታል?» አለች። ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ቀረ። የክፉ ቀንን ወሬ ከእናቷ ሰምታ ያደገች፣ የ1977ቱ ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ በደጇ ሲያልፍ ያየች ሴት ናት።

ፊልሙ ቀጠለ። ቻርሊ ጫማውን በሳህን አቀረበ፤ መረቁን አፈሰሰበት፤ ቢላዋውን ስሎ እንደ ደህና አሳላፊ ቆረጠው። ሶሉ ከነምስማሩ ለራሱ ደረሰው። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ እየጠቀለለ ጎረሰ፤ ምስማሩን እንደ ዶሮ አጥንት አንድ በአንድ መጠጠ። ይኼኔ አያቴ ጋቢዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አየ ጨዋ! ጫማ እየበላ እንኳ ሥርዓቱን አልጣለም!»

በጎንደር «ጨዋ» የሚለውን ቃል እንዲሁ አንወረውረውም። ሲርበው አፉን የሚጠብቅ፣ ቢደኸይም ነጠላውን አጥቦ የሚለብስ ሰው ነው ጨዋ። ቻፕሊን ያቺን ትንሽ ባርኔጣ፣ ያንን ከዘራና የጠበበ ኮት ለምን እንደማያወልቅ ከአያቴ አፍ ገባኝ። ሰውዬው ገና በሰባት ዓመቱ ለንደን ውስጥ ከድሆች መጠለያ የገባ ልጅ ነበር። ለቀረጻው የተሠራው ጫማ ከረሜላ ነው፤ ረሃቡን ግን ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ይኸው ሰው የተዋረደውን ከፍ ማድረግ እንደሚችል ሁሉ የታበየውንም ማውረድ ይችል ነበር። ይህኛው ነገር ለከተማችን ቅርብ ነው። ጣሊያን በ1928 ጎንደር ሲገባ ከነገሥታቱ ግንብ አጠገብ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ሠራ፤ ለዘላለም የሚኖር መስሎት ነበር። በጥቅምት 1933 ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልሙን ኒውዮርክ ላይ አሳየ። ሂትለርን ሂንክል፣ ሙሶሊኒን ናፓሎኒ አሰኝቶ ሁለቱን በጸጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አንዱ ከሌላው በልጦ ለመታየት ወንበሩን ከፍ ሲያደርግ፣ ሌላውም ሲከተለው፣ ሁለቱም ጣሪያ ሊነኩ ደረሱ። ያ ፊልም ሲታይ ጎንደር ገና በሙሶሊኒ ባንዲራ ሥር ነበረች። ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ከዓመት በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ጎንደርን ነጻ ያወጣው ደም ነው፤ ያን ደም የሚተካ ፊልም የለም። ሆኖም ያን ወንበር ያየ ሰው በሙሶሊኒ ፊት ዳግም ሊንቀጠቀጥ አይችልም።

ጎንደር ይህን ሳቅ ከፊልም አልተማረችም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ከባለሥልጣኑ ፊት ይቆማል፤ ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ ወቀሳ ነው። ወርቁ የገባው ሹም እያመመው ፈገግ ብሎ ይሸልማል፤ ቢቆጣ ነገሩ እንደነካው ያጋልጣልና። ፎገራ ተወልደው በጎንደር በአታ ያስተማሩት አለቃ ገብረ ሐናም አሉ። በቀልድ አባትነታቸው አገር ያውቃቸዋል። ከልጃቸው ከተክሌ ስም ጋር የሚጠራው አቋቋምም ከእሳቸው ነው። በማሕሌት ካህናቱ በመቋሚያና በጽናጽል፣ በትከሻና በእግር ስልት ቃሉን ሲያናግሩት ሳይ፣ ቀልዱና ዝማሜው ከአንድ ሰው መውጣታቸው አይገርመኝም። ሁለቱም ልኩን የጠበቀ ሰውነትና ሰዓቱን የሚያውቅ ልብ ይጠይቃሉ።

የዘመናዊ ቴአትራችን በኩርም ኮሜዲ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ፤ አውሬዎቹ ሲናገሩ ሹማምንቱ ራሳቸውን አዩና ተውኔቱ ታገደ። የቻፕሊንም ሳቅ ድንበር ተሻግሯል፤ ህንዳዊው ራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1955 በ«ሽሪ 420» የቻፕሊንን መንገደኛ በቦምቤይ ጎዳና አስኬደው። አገሩና ቋንቋው ይለዋወጣል፤ ባለ ቀዳዳው ጫማና ቀና ያለው ባርኔጣ ግን አብረው ይጓዛሉ።

ወደ ዛሬ ልምጣ። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በቴሌቪዥን አገር ያሳቁት በጭውውት ነው፤ ቃል የእኛ ሀብት ነውና ፊልሞቻችንም በቃል ቢያስቁ ያምርባቸዋል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ካየኋቸው አስቂኝ ፊልሞቻችን በብዙዎቹ የሚሳቅበት ሰው ከገጠር የመጣው ነው፤ በአነጋገሩ፣ በጎማ ጫማው፣ አስፋልት ሲሻገር በመደናገጡ። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ገብሱን ጭኖ የሚወርደው ሰው እንግዳ ተቀባይ፣ ነገር አዋቂ፣ ባለ ቅኔ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ካሜራው ግን ከከተሜው ጎን ቆሞ ይጠቁምበታል። ቻፕሊን ካሜራውን ከባለ ጫማው ጎን አቆመ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተሠራ ፊልም አያቴን ያሳቃት በዚህ ነው። ፊልም ሠሪዎቻችንን አንድ ነገር ብለምናቸው እወዳለሁ፤ አያቴ ከጎናችሁ ተቀምጣ እንደምታይ አስባችሁ ሥሩ።

በዚያ ማታ ባየነው ፊልም፣ ከጫማው በኋላ፣ ቻርሊ ለአዲስ ዓመት ማታ እንግዶች ጠርቶ ገበታውን አሰናዳ፤ ሻማ አበራ። እየጠበቀ እንቅልፍ ወሰደው፤ በሕልሙ እንግዶቹ መጥተው ሁለት ዳቦ በሹካ ወግቶ እንደ እግር አስጨፈረላቸው። እኛ አጨበጨብን። ሲነቃ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ማንም አልመጣም።

አያቴ ገበታ አቅርቦ ሰው የቀረበትን ቤት ታውቃለች፤ ከዚያ የሚብስ ሐዘን በደጋው ብዙ የለም። ጋቢዋን ወደ ራሷ ሰበሰበችና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ፣ እንደሚሰማት ሁሉ፣ «እኔ በመጣሁልህ፣ ልጄ» አለችው።