ከድሬ ያመጣሁት ማንቆርቆሪያ

ጡረታ በወጣሁበት በ2012 ዓ.ም.፣ ጥር 21 የምትውለውን አስተርእዮ ማርያምን ከዘመድ ጋር ላሳልፍ ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ መርጡለ ማርያም ሄድኩ። ከድሬዳዋ ለሚነሳ ሰው መንገዱ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ አድሮ ጎሃ ጽዮን መድረስ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን መውጣት፣ ከዚያ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ማዝገም ነው። በረሃውን ስትወርዱ ገደሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ተደራርቦ ይታያል። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ እነዚህ ሁለት ድንጋዮች ነው ማለት ይቻላል።

መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተረፈው የተቀረጸ ድንጋይ ዛሬም ያስደንቃል። የጥር ብርዷ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ቆላ ለለመደ ሰው አጥንት ይሰብራል። ውሃዋ ግን ነፍስ ነው። የጉዞ አቧራዬን ልታጠብ እጄን ሳሙና ሳስነካው አረፋው ሞልቶ ፈሰሰ፤ በድሬ ያን ያህል አረፋ ለማየት ግማሽ ሳሙና ያልቃል።

እንግዳ እንደሚበዛ ስለማውቅ ትልቁን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ነበር። ታናሽ እህቴ ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ከተገዛ ጀምሮ ታጥቦ ያውቃል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ንጽሕና አስተማሪነቴ በአንድ ማንቆርቆሪያ አፈር በላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው በአብዛኛው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ሲፈላ የሟሟው ኖራ ከውሃው ይለይና ነጭ ቅርፊት ሆኖ በዕቃው ላይ ይጋገራል። ድሬ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባትም ይኸው የኖራ ድንጋይ በአካባቢው ስላለ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመርፌ ነው። በ1976 ዓ.ም. የነርስ ዲፕሎማዬን ይዤ ድሬ ስመደብ ሲሪንጅ የመስታወት ነበር፤ እየተቀቀለ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። በሳምንቱ መርፌዎቹ በነጭ ቅንጣት ተደፈኑብኝ። በኋላ ለክትባት ከሚመጣው የእንፋሎት መቀቀያ ጋር ኖራውን ወደ ራሱ የሚስብ ትንሽ ጨርቅ አብሮ ይላክ ጀመር። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቤት ውስጥ ያለው ጣጣ ደግሞ ብዙ ነው። የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል፤ የቦይለሩ ማሞቂያ ቅርፊት ለብሶ መብራት ይበላል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ሻይ ላይ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል። የሽምብራ ንፍሮ ከሰል ይጨርሳል እንጂ ቶሎ አይበስልም። ነጭ ነጠላ ይገረጣል፤ ደረቅ ሳሙና ከኖራው ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ስለሚሆን ነው። የዱቄት ሳሙና ይሻላል። እናቶቻችን ጋቢ ያጠቡበት የነበረው እንዶድም በእንዲህ ያለ ውሃ አረፋ አይነፍግም።

እህቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ሳቋን አቆመች።

«እንግዲያማ ልጄን ወደዚያ አልመልሳትም» አለች።

ልጅቱ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ድሬ ሥራ አግኝታ እኔ ዘንድ ገብታ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ጎኗን ይዛ እየጮኸች ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ የኩላሊት ጠጠር ሆነ። እህቴ ነጩን ቅርፊት በጥፍሯ እየፋቀች «ይኼው ድንጋዩ! ዕቃውን እንዲህ ካደረገ የሰው ኩላሊትማ ምን ይሆናል?» አለች። ልጅቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቡና ትቆላለች። ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች።

ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ሐኪሙ በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጫለሽ ሲላትም እንዲሁ ነበር ያየችኝ። ድሬ የመጣች ሰሞን «ይህን ውሃ ጠጥተሽ ሆድሽ ውስጥ ቤት እንዳትሠሪ» ብዬ ቀልጄባት ነበር። እኔ ረሳሁት፤ እሷ አልረሳችውም። የነርስ ቃል ነዋ! ከዚያ ወዲህ የቧንቧውን ውሃ ትታ የታሸገ መግዛት ጀመረች። ደሞዟ የሚችለው ግን በቀን አንድ ግማሽ ሊትር ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ሙቀት፣ ያ ሁሉ ላብ፣ በግማሽ ሊትር!

እዚያው እህቴ ፊት ተናዘዝኩ። «ጥፋቱ ከውሃው ይልቅ የምላሴ ነው» አልኳት።

ለአንባቢም ልንገር። የማንቆርቆሪያ ቅርፊትና የኩላሊት ጠጠር አይገናኙም። ቅርፊቱ ውሃ ሲፈላ የሚሠራ ነው፤ ጠጠሩ ሽንት ሲወፍር የሚረጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለሰውነትም ይጠቅማሉ። ጠጠርን ከሚያመጡት ዋነኞቹ አንዱ ትንሽ መጠጣት ነው። ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው በቀን ከ2 ሊትር በላይ ሽንት እንዲወጣው አድርጎ ይጠጣ፤ ሽንቱ ገርጣ ካላለ ገና ነው። ይህን ስል ግን ሁሉ ውሃ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት ይጎዳል፤ ማፍላትም አያወጣውም።

ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምሮ ማሳደር ይበቃል። በረኪና ግን በምንም ምክንያት አትቀላቅሉበት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

እህቴ መልስ አልሰጠችኝም። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ሰው ተበተነ። እኔም ልጅቱ ሥራዋን በእኔ ቀልድ ልታጣ ነው እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ስነሳ ማንቆርቆሪያው ደጅ ላይ ተደፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። እህቴ ከቆላ የመጣላትን ሎሚ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፋበት ኖሯል። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል።

«በይ ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ። «ለልጄ ውሃ አፍይላት። ስትጠጣም ቁጭ ብለሽ እያት።»